መስኮቱ ላይ የነበረው ቀለበት

ኔቪል ቀለበቱን አፉ ውስጥ ከተተው። ምን ያድርግ? የጠላቂ ጎማ ልብስ ኪስ የለው፣ ጣቶቹ በሐምሌ ውሃ ደንዝዘው የማን እንደሆኑ ራሳቸውም ረስተዋል፣ ማዕበሉ ደግሞ ወገቡ ላይ እየመጣ ይገፈትረዋል። አንዴ ከእጁ ካመለጠ አለቀ። እናም ምላሱ ሥር ሸጎጠውና ብረት ጠቋሚ ማሽኑን ትከሻው ላይ፣ እጀታው የረዘመውን ባለቀዳዳ አካፋ ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ዳር መራመድ ጀመረ። ችግሩ፣ ዳር ላይ ክላይቭ ቆሟል። ክላይቭ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። እሱም ማሽን አለው፣ ግን ውሃ አይገባም፤ ደረቅ አሸዋ ላይ ሳንቲም ይለቅማል፣ ዋና ሥራው ግን ውሃ የገባ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ ማየት ነው። «እህስ፣ ምን ተገኘ?» አለው። ኔቪል ራሱን ነቀነቀ፣ ምንም። «ጣሳ ነው?» አዎ በሚል ነቀነቀ። ክላይቭ ትንሽ አየውና፣ ምነው ዛሬ ጥርስህን አሞሃል እንዴ ብሎ ለቀቀው። ከአፍ ያልወጣ ውሸት ውሸት ይባላል ወይስ አይባልም የሚለውን ኔቪል መኪናው ጋ እስኪደርስ አሰበበት። አይባልም ብሎ ወሰነ።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ መዳፉ ላይ ተፋው። ሁለት የወርቅ ቅጠል፣ በቅጠሎቹ መሃል ምስር የምታክል ሰማያዊ ድንጋይ። መነጽር አድርጎ ውስጡን ማየት አያስፈልገውም ነበር፣ ግን አየ። «ኤሪክ» ይላል፣ አሸዋ ፈግፍጎት ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ኤሪክ አባቱ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እነዚህን ሁለት ቅጠሎች ኔቪል ከልጅነቱ ጀምሮ ከእቃ ማጠቢያው አረፋ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ሲያያቸው ነው ያደገው። የእናቱ የቤሪል የጋብቻ ቀለበት ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ከኩሽና መስኮት ላይ የተሰረቀው። በቤተሰቡ አነጋገር ከሄድንማ፣ ግሌኒስ የሰረቀችው።

ግሌኒስ የታናሽ ወንድሙ የሮስ ሚስት ነበረች። ኤልዛቤት ከሚባለው የድሃ ሰፈር፣ ከመንግሥት ቤቶች ነው ያገባት፤ እዚህ ባሕር ዳሩ ሰፈር፣ ሴማፎር ውስጥ ደግሞ ይሄ ብቻውን ግማሽ ማስረጃ ነው። የዛን ቀን እሁድ ምሳ ነበር። ሁሉም በልቶ ሳሎን ተዘርሯል፣ አዲሷ ሙሽራ ለመወደድ ብላ ብቻዋን ሳህን ታጥባለች። አባትየው ሻይ ቀድቶ መጣና ለሚስቱ ሲያቀብላት እጇን አይቶ «ቀለበትሽስ?» አለ። ቤሪል «መስኮቱ ላይ ነበር» አለች። የኩሽናው መስኮት ደግሞ ግሌኒስ አፍንጫ ሥር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልጮኸ፣ ማንም ሌባ አላለ፣ ጨዋ ቤተሰብ ነው እኮ። ብቻ በሚቀጥለው ገና እህታቸው ኮራሊ የእንግዳውን ቦርሳ ሁሉ ሰብስባ መኝታ ቤት አስገባችና ቆለፈችበት። ቁልፉን ጡቷ መሃል ስትወትፍ ግሌኒስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እያየች ነበር። ሮስ ጥቂት ዓመት ታገሠ። ከዛ ማታ ማታ ወስደሽው ይሆን እንዴ እያለ ሚስቱን መጠየቅ ጀመረ፣ ከዛ መጠየቁን ተወ፣ ከዛ ልብሱን ይዞ ወጣ።

የሚገርመው ደግሞ ኔቪል ማን እንደሆነ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ግን ሴማፎር ውስጥ በአውቶቡሱ የሚያስታውሰው የለም። ቀለበት የጠፋበት ሁሉ የሚደውለው ለሱ ነው። ሙሽራ ሲዋኝ ጠፋብኝ ይላል፣ አያት ከልጅ ልጇ ጋር አሸዋ ስትቆፍር ጠፋብኝ ትላለች፣ ኔቪል ማሽኑን ይዞ ከተፍ ነው። ገንዘብ አይቀበልም። ቢራ ይቀበላል፣ እምቢ ማለት ያስቀይማል ብሎ። አንድ ሕግ ግን አለው፣ በሕጉ ቀልድ የለም፤ ያገኘውን ለማንም ከማሳየቱ በፊት ባለቤቱ መልኩን መግለጽ አለበት። ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው፣ ውስጡ ምን ተጽፏል፣ የቱ ጋ ተጭሯል። ሳይገልጹ አይሰጥም። የሰፈሩ ጋዜጣ ይሄንኑ ከፎቶው ጋር አውጥቶለት ነበርና እናቱ ቆርጣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። ያ ሁሉ ሰው ቀለበቱ ሲመለስለት፣ የእናቱ ቀለበት ግን ባሕር ዳር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? የተሰረቀ ነገር በማሽን አይፈለግማ።

ደግሞም ቢፈልግ አይሰማውም ነበር። የወርቅ ቀለበትና የቢራ ጣሳ መክፈቻ ቁራጭ ለማሽኑ አንድ ናቸው፤ ማዳመጫው ውስጥ ያው አንድ ዓይነት ለስለስ ያለች ጩኸት ናት የምትመጣው። ስለዚህ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ የሰፈሩን ጣሳ ሁሉ ሲቆፍር መዋል፣ ወይ ማሽኑን አስተካክሎ ሁለቱንም አለመስማት። ኔቪል ወገቡን ስለሚያመው፣ ሰው ቀለበት ፈልግልኝ ብሎ ካልጠራው በስተቀር፣ አለመስማቱን መርጦ ኖሯል። ሰሞኑን የመጣው ማዕበል ግን ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ከሚያበቃው የእንጨት ድልድይ ሥር የነበረውን አሸዋ ጠራርጎ ወሰደውና የድልድዩ ቋሚዎች እርቃናቸውን ቀሩ። እንዲህ ያለ ቀን በስንት ዓመት አንዴ ነው ብሎ ዛሬ ሁሉንም ልስማ አለ። አንድ ከረጢት ሙሉ ጣሳ ሰማ። ከዛ ይሄን ሰማ።

እና መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ወዲያው ተገለጠለት። ግሌኒስ ሰረቀችው፣ ፈራች፣ ማታ ሄዳ ከድልድዩ ላይ ወረወረችው። ምስኪን፣ አለ። ልጅ ነበረች እኮ። ሆዱ ባባ፣ ደግሞ ሆዱ መባባቱ ለራሱ ደስ አለው። ዛሬ የእናቱ ሰማንያ ስምንተኛ ልደት ነው፤ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ይሰበሰባል። ከኬኩ በፊት ይነሳል፣ እናቱን በሕጉ መሠረት ያስገልጻታል፣ ትገልጻለች፣ ያጠልቅላታል። ስለ ግሌኒስም አንድ ደግ ቃል ይናገራል። ይቅር እንበላት ይላል።

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ፣ ኮራሊ ናት። በእንቁራሪት ቅርጽ የሚሠራውን ኬክ እንዳትረሳ፣ ስምንት፣ አረንጓዴውን፣ ሮዙን ካመጣህ እናታችን ፊቷን ታዞርብሃለች። የእንቁራሪት ኬክ እሁድ እዚህ ሰፈር የሚገኘው ዋናው መንገድ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ነው፣ እዛ ደግሞ እሁድ እሁድ የምትሸጠው ግሌኒስ ናት። ኔቪል ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰባት ደቂቃ ነድቶ ወደቡ ጋ ካለው ሌላ ዳቦ ቤት ይገዛል። ዛሬ ግን ይቅር ያለ ሰው ነው፤ የጎማ ልብሱን ቀይሮ፣ ቀለበቱን ኪሱ ከትቶ፣ መኪናውን ደጇ ላይ አቆመ።

ግሌኒስ ፀጉሯን በመረብ ጠቅልላ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማለች። ሸብታለች፣ ቀጭን ነበረች አሁንም ቀጭን ናት። ከኋላዋ ማንጠልጠያው ላይ ቦርሳዋ አፉን ከፍቶ ተሰቅሏል፤ ኪኒኗ፣ ለስላሳ ወረቀቷ፣ የአውቶቡስ ካርዷ፣ ሁሉም ከበር ጀምሮ ይታያል። ሌሎቹ ሠራተኞች ቦርሳቸውን ጓዳ ነው የሚያስቀምጡት። ኔቪል ስምንት እንቁራሪት አለ። አረንጓዴ ብላ ጨመረችለት፣ መጠየቋ አይደለም፣ ታውቃለች። አፋቸውን የከፈቱትን እንቁራሪቶች አንድ በአንድ በመቆንጠጫ እያነሳች ሳጥን ውስጥ ደረደረች። አንዱ እንቁራሪት አምስት ዶላር ገብቷል፣ ምን ዓለም ነው አለ ኔቪል፣ አዎ ቅቤ ተወዷል አለች። መልሱን እጁ ላይ አልሰጠችውም፤ መስታወቱ ላይ ሳንቲም በሳንቲም ዘርግታ አስቀመጠችው፣ እሱም ሌላውም እንዲያየው።

ኔቪል ሳጥኑን አነሳና ቆመ። ኪሱ ውስጥ ቀለበቱ አለ፣ አንድ ደግ ነገር ተናገር ተናገር ይለዋል።

«ግሌኒስ» አላት፣ «ያለፈው አልፏል እኮ።»

መረቧን አስተካከለች። «ምኑ?»

«ያው… ሁሉም።»

«ለማን ነው ያለፈው ኔቪል?» አለች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። ከዛ ከኋላው የቆሙትን ሴትዮ አይታ፣ እርስዎስ እሜቴ ምን ልስጥዎት አለች።

ወጣ። እልኸኛ ናት አለ በሆዱ። ሰው ይቅር ሲላት እንኳ አትቀበልም።

እናትየው ቤት ያው የድሮው ነው፤ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ጠባብ ኩሽና፣ ከመስኮቱ ሥር በደጅ በኩል የጌራንየም አበባ። ቤሪል ትናንት ፀጉር ቤት ሄዳ ተሠርታ ስለነበር እንዳይፈርስባት አንገቷን ቀጥ አድርጋ የጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጣለች፣ ትንሽዬ ወፍ ነው የምትመስለው። ሮስ የበግ ጥብሱን ይቆርጣል። ሮስ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ጎማ ቤት ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል፣ እሁድ እሁድ የቆሸሸ ልብሱን በከረጢት ይዞ እናቱ ቤት ይመጣል። ማሽኑ ልብሱን ሲያሽከረክር እሱ ይበላል፣ ሲቆም ልብሱን ይዞ ይሄዳል። ኮራሊ የመብራት ሒሳብ ስንት እንደመጣባት አወራች፣ የበግ ሥጋ ስንት እንደገባ አወራች፣ ጎረቤቷ የፀሐይ ኃይል አስገብቶ ስንት እንዳተረፈ አወራች። እሷ ዝም ስትል የቤቱ ዝምታ ይመጣል፣ ሹካና ሳህን ብቻ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጉርምርምታ ጋር። በዚህ ቤት ምሳ ላይ ሰው ዝም የሚለው ድንገት አንድ ስም እንዳይጠራ ነው። ኔቪል ቀይ ሥሩን ሳህኑ ላይ ወዲህ ወዲያ እያደረገ ሮስን ያየዋል። ሮስ ሳይነግሩት ጨው ያቀብላል፣ ሳይጠይቁት ይነሳና የእናቱን ብርጭቆ ይሞላል፣ ቀና ብሎ ግን ማንንም አያይም። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቀለበት ድንገት ማውጣት ይከብዳል። እናቱም የልብ ኪኒን ትወስዳለች። ቀድሜ ለብቻዋ ልንገራት አለና፣ እማዬ፣ ነይ እስቲ የሆነ ነገር ላሳይሽ ብሎ መኝታ ቤት ወሰዳት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የጠበባትን ጫማ ማውለቅ ጀመረች።

«እማዬ፣ ያንን ቀለበትሽን ግለጪልኝ።»

እጇ ጫማው ላይ ቆመ። ሕጉን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፣ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችው እሷ አይደለች? ኔቪል ግለጪልኝ የሚለው ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው።

«አገኘኸው» አለች።

«መጀመሪያ ግለጪልኝ።»

«ሁለት ቅጠል፣ መሃሉ ሰማያዊ ድንጋይ፣ ውስጡ የአባትህ ስም።» ትንሽ አሰበች። «ከድልድዩ በሰሜን በኩል ነው አይደል?»

ኔቪል ስለ ድልድይ ትንፍሽ አላለም። እሷም አለማለቱን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ነው። ሁለቱም ምንጣፉን አዩ።

ከዛ ነገረችው፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው። አባትህ ትንሿን ዳትሰን መኪናዬን ሸጠብኝ አለች። እህቴ ጋ ማውንት ጋምቢየር ሄጄ ስመለስ ግቢው ባዶ ነው። በስድሳ ዓመቴ ተምሬ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁባት መኪና ናት። ለጀልባው ሞተር ገዛባት፣ ሞተሩም ሁለት ክረምት አልሠራ። በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው አለኝ። እስከ ድልድዩ ጫፍ ሄጄ ልወረውረው ነበር ሐሳቤ፣ ግን ንፋስ ነበረ፣ ግማሽ ላይ ስደርስ በረደኝ፣ እዛው ወረወርኩት። ደስ ይል ነበር አለች ቤሪል። በሳምንቱ እሁድ እጄን አይቶ ቀለበትሽስ ሲለኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት።

«እማዬ፣ ግሌኒስ እኮ ናት እዛ የቆመችው።»

«እኔ መቼ ሌባ አልኳት?» አለች ቀና ብላ። «መስኮቱ ላይ ነበር ነው ያልኩት። የቀረውን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ።»

ያኔ ቦርሳዎቹ የተከተቱበት ክፍል ሲቆለፍ ኔቪልም ሳሎን ቁጭ ብሎ ቢራውን ይጠጣ ነበር። ጠዋት መኪና ውስጥ ያዘነው ሐዘን፣ ዳቦ ቤት ያደረገው ይቅርታ፣ ሁሉም ፊቱ ላይ መጥቶ አቃጠለው። ቀለበቱን አውጥቶ ሰጣት። ጣቷ ላይ ልታስገባው ሞከረች፣ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ እምቢ አለ፣ ምራቋን ቀብታ ሞከረች፣ አሁንም እምቢ። እጄ አብጧል ብላ ቀለበቱን መለሰችለት። በየዓመቱ ልናገር ልናገር እል ነበር አለች፣ በየዓመቱ ደግሞ ይብስበታል። አባትህ ሲቀበር ግሌኒስ መጥታ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ አየኋት። ያመጣችውን የድንች ሰላጣ ማንም አልነካውም። ሁላችሁም ስትሄዱ እኔ ነኝ ብቻዬን ቆሜ የበላሁት።

«ለሮስ እንኳ…»

«ለሮስ የምትለውን ልንገርህ» አለች፣ እንዳሰበችበት ያስታውቃል። «መስኮቱ ሥር አበባው ውስጥ አገኘሁት በል። ወድቆ ኖሯል በል። ማሽኑ አለህ፣ ማን ይጠይቅሃል? እሷም ነጻ ወጣች፣ እኔም በሰላም ሞትኩ።»

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ኔቪል ቀለል አለው። እውነቷን ነው፣ ግሌኒስ ትነጻለች፣ እናቴም አትዋረድም፣ ውሸት ነው ብሎ የሚከራከር አበባ የለም። ከዛ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ቀለበቱ ጠፋ በተባለበት ሳምንት ሮስ ያንን አበባ ከሥሩ ነቅሎት ነበር። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በዱቄት ወንፊት አንድ በአንድ ነፋው፣ የእቃ ማጠቢያውን ቱቦ ሁሉ ፈትቶ አየ። ያኔ ሚስቱን ያምናት ነበራ። ቀለበቱ እዛ ይገኛል ብሎ እርግጠኛ የነበረ እሱ ብቻ ነው። እዛ ስላላገኘው ነው ማመኑን የተወው። አሁን እዛው ነበር ብትለው፣ ከወንፊትህ አምልጦህ ነው፣ ሚስትህን ያጣኸው ባለማየትህ ነው ማለት አይደለም?

ይሄን ለእናቱ ነገራት። ከሳሎን ኮራሊ ሻማ የት ነው የምታስቀምጪው እያለች መሳቢያ ትከፍታለች ትዘጋለች።

«አስታውሳለሁ» አለች በመጨረሻ። «የኔ ወንፊት ነበር። ከመስኮቱ ሆኜ አየው ነበር።»

ኔቪል ዳግመኛ ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ለመታየት አልጠበቀች፣ ጫማዋን ትታ በካልሲዋ ተነሳች፣ በመስታወቱ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። የፈለግከውን አድርግ አለችው፣ ያሳደግኩህ ትልቅ ሰው ነህ፤ ብቻ መጀመሪያ ኬኬን ልብላ። ወጣች። ወዲያው ኮራሊ መልካም ልደት ማዜም ጀመረች፣ ብቻዋን፣ ከዜማው ወጣ እያለች።

የልብስ ማጠቢያው ቆሟል። ሮስ እርጥቡን ልብስ በከረጢት ታቅፎ በኮሪደሩ ሲያልፍ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ወንድሙን አየው፣ በቀጥታ፣ ምሳውን ሙሉ ማንንም ያላየው ሰውዬ። «እማዬ ምን ሆና ነው? ዓይኗ ቀልቷል» አለ። ኔቪል ጣቶቹን ቀለበቱ ላይ ጨበጠ። ሮስ ወደ ተጨበጠው እጁ አየ። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምንድነው የያዝከው?» አለና እጁን ዘረጋ።

እንግዲህ አንድ ሐቅ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም መዳፉ ውስጥ ነው። እውነቱን ቢናገር ሮስ ዛሬ በልደቷ ቀን እናቱን ያጣል። አበባው ውስጥ ነበር ቢል ሮስ ዕድሜ ልኩን ያንን ወንፊት ሲነፋ ይኖራል። ምንም አይደለም ብሎ ኪሱ ቢከተው ደግሞ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የግሌኒስ ቦርሳ አፉን እንደከፈተ ነው። እናንተ ብትሆኑ ሮስን ምን ትሉት ነበር?